ለገዳም የተሳልሁትን ብር ለአባቴ መድኃኒት ባውለው ስእለቴን አፈረስሁ?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ አዘዞ ከሚኖር የ27 ዓመት ወጣት ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«አምና በጠና ታምሜ ነበር። ከዳንሁ በሚቀጥለው ሁዳዴ ገዳም ገብቼ 14 ቀን ሱባኤ ልይዝ፣ 20 ሺህ ብርም ላስገባ ተሳልሁ። ዳንሁ፤ ብሩንም አጠራቅሜ ጨረስሁ። ከኒቆዲሞስ ሰንበት እስከ ትንሣኤ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ። አባቴ 70 አልፎታል፤ ስኳር ስላለበት በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግሩ ቆስሏል፤ የምታጥብለት ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ሳምንት እናቴ መድኃኒቱ እያለቀ ነውና ከዚያ ብር ስጠን አለችኝ። የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፣ አልነካውም አልኋት። አለቀሰች። አባቴም እየታመመ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ አክፍሎትም እይዛለሁ ይላል። ተው ብለው ጾም የማስገደፍ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ከእሱ ጋር ደግሞ በቤት ቦታ ጉዳይ ከተቀያየምን ሁለት ዓመት ሆነን፤ በአንድ ቤት እየኖርን ከሰላምታ አናልፍም። እናቴ ለእህቴ ሕፃን ወተት ስለምታፈላ ዕቃዬን ለይቻለሁ። ጌታ ‹ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ ለእኔ ሊሆን አይገባውም› ብሏልና መሄዴ ትክክል ይመስለኛል። የምፈልገው በመንፈስ መታደስ ነው። ምን ላድርግ?»

ብሩን አውጣና መድኃኒቱን ግዛ። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ ኢንሱሊኑ ግን አንተ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ መጠበቅ የለበትም።

ስእለት ቀላል ነገር ነው ልልህ አይደለም። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በቁስቋም ደጅ፣ በክብረ በዓል ቀን፣ ዣንጥላውንና ጧፉን ታቅፎ እንባውን እያፈሰሰ የሚገባውን ሰው እያየ ያደገ የጎንደር ልጅ ደግሞ የስእለትን ክብደት መምህር እንዲነግረው አያስፈልገውም። መፍራትህ ትክክል ነው። የሳትኸው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰው መሳል የሚችለው የራሱን ብቻ ነው። ጎረቤቱ በአደራ ያስቀመጠበትን ብር ለታቦት የተሳለ ሰው፣ ስእለቱ ከልቡ የወጣ ቢሆን እንኳ፣ ብሩ የጎረቤቱ ነው። ለታመመ ወላጅ የሚገባው ርዳታም ዕዳ ነው። ካለህ ላይ ሲተርፍህ የምትሰጠው ስጦታ አይደለም። ብሩ ከደመወዝህ የተጠራቀመ ቢሆንም፣ አባትህ መድኃኒት ባጡበት ቀን ከውስጡ የእሳቸው ድርሻ አለ።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። የማርቆስ ወንጌልን ምዕራፍ 7 ከቁጥር 9 እስከ 13 ዛሬ ማታ ቀስ ብለህ አንብበው። እኛ ቁርባን ሲባል የሚታሰበን ሥጋውና ደሙ ብቻ ስለሆነ ይህን ክፍል ሳናስተውለው እናልፈዋለን። እዚያ ያለው ቃል ግን ዕብራይስጥ ነው፤ ወንጌላዊው ራሱ መባ ማለት እንደሆነ ተርጉሞታል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው አባቱን ወይም እናቱን «ከእኔ ልታገኙት የምትችሉት ሁሉ ቁርባን ነው» ካላቸው፣ ጻፎችና ፈሪሳውያን ከዚያ ወዲያ ለወላጆቹ አንዳች እንዲያደርግ አይፈቅዱለትም ነበር። ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ብሎታል። አስተውል፤ የተገሠጹት ሌቦች ወይም ጣዖት አምላኪዎች አይደሉም። ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ያሉ፣ በሃይማኖታቸው የሚቀኑ ሰዎች ናቸው። አንተ ለእናትህ የመለስህላቸው ቃል ከዚያ ሰው ቃል በምን ይለያል? እኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

ደግሞም ጌታ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ሕግ እዚያ ላይ ያነሣው ስለ ገንዘብ ሲናገር ነው። ብዙ ሰው ማክበር ማለት ከመቀመጫ መነሣትና ጉልበት መሳም ይመስለዋል። እሱም ደስ የሚል ሥርዓታችን ነው፣ አይቅር። በዕብራይስጡ ግን አክብር የሚለው ቃል ሥሩ ከእኛው ከግእዙ «ከብደ» ጋር አንድ ነው፤ ወላጅህን ከባድ አድርገህ ቊጠረው እንደ ማለት ነው። አባትህ በልብህ ሚዛን ከበዱ ወይስ ቀለሉ የሚለው የሚታወቀው ማለዳ «እንዴት አደሩ» በማለትህ ሳይሆን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ባዶ በሆነ ጊዜ እጅህ ወዴት እንደሄደ ነው።

ሆኖም ጥንቃቄ አለው። ስእለቱን በራስህ ሥልጣን አፍርሼዋለሁ አትበል። ብሩን ለመድኃኒቱ አውጣ፤ በማግስቱም ወደ ነፍስ አባትህ ሄደህ እንዲህ ተስዬ ነበር፣ እንዲህ ሆነ ብለህ ንገራቸው። ጊዜውን ሊያራዝሙልህ፣ በጥቂት በጥቂቱ እንድትከፍል ሊያደርጉ ወይም በሌላ ሊለውጡልህ ይችላሉ። ያ የእሳቸው ሥልጣን ነው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ አልፈታውም። ሁለተኛ፣ ወላጅ የጠየቀው ሁሉ ከስእለት ይበልጣል ማለቴ አይደለም። እናትህ ብሩን ለሠርግ ድግስ ወይም ለአዲስ ሶፋ ጠይቀውህ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። የጠየቁህ ግን ለመድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ጠቀስኸው ጥቅስ ልለፍ። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ያለው ቃል የተነገረው ስለ ስደት ነው። ሐዋርያት ወደ ሸንጎ ሊጎተቱ፣ በስሙ ምክንያት ወንድም ወንድሙን ለሞት አሳልፎ ሊሰጥ፣ ቤተሰብ ሊከፈል መሆኑን ሲነግራቸው ነው ይህን ያለው። እንግዲህ ራስህን ጠይቅ፤ ወላጆችህ ክርስቶስን ተው አሉህ? አላሉህም። ያሉህ አባትህ ታመዋልና ለመድኃኒታቸው ስጠን ነው። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው ደግሞ እዚያው ማቴዎስ ውስጥ፣ በምዕራፍ 25 ይገኛል። አንዱን ጥቅስ ይዘህ ሌላውን አትምታበት።

ቅዱሳን ወላጆቻቸውን ትተው ሄደዋል ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ሄደዋል። ግን እንዴት እንደሄዱም ተመልከት። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ የመነነው ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ታናሽ እህቱን ለደናግል አደራ ሰጥቶ፣ መኖሪያዋን አስተካክሎ ነው የወጣው። የአቡነ አረጋዊ እናት እድና ልጃቸውን ተከትለው መጥተው በደብረ ዳሞ ሥር እንደኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይተርካል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ተቸንክሮ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። የዓለምን ሁሉ ቤዛ በሚፈጽምበት ሰዓት እናቱ ማደሪያ እንዳያጡ ያሰበ አምላክ፣ አንተ አባትህን ያለ መድኃኒት ትተህ በመምጣትህ ደስ የሚለው ይመስልሃል?

ስለ አባትህ ጾም የጠየቅኸው ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለኝ ነው፤ ሕይወት ያለበት ነገር ነውና። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና፣ በ69ኛው ላይ፣ ኤጲስ ቆጶስም ሆነ ቄስ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን ካልጾመ ከሹመቱ ይሻር ይላል። እንዲህ ያለ ብርቱ ሕግ ነው። ግን እዚያው ላይ፣ የሥጋ ድካም ካልከለከለው በቀር ይላል። ስለዚህ በሽተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ቢበላ ጾሙን ሻረ አይባልም፤ ሕጉ ራሱ ለእሱ ቦታ ትቶለታል። አክፍሎትማ ጥንቱንም የተሰጠው ለሚችል ነው። ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ለጤነኛ ጎልማሳም ይከብዳል። ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ እግሩ ለቆሰለ ሽማግሌ ግን የማይሞከር ነው።

ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ ማዘግየት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ንግግር ይምታታል፣ ከዚያ ራስን ያስታል። ይህን ያየህ ዕለት፣ ስቅለትም ቢሆን፣ አባትህ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወዲያው ስጣቸው፤ ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም ሳታደርግ ወደ ሆስፒታል ሩጥ። አንዳንዱ ደግሞ ጾም ነው ብሎ መርፌውን ራሱ ይተወዋል። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፣ ቁስሉም አይደርቅም፤ እንዲህ ያለ ቁስል እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ጠበል እየጠጣሁ ነውና መድኃኒቱ ይቅር የሚሉም አሉ። ጠበሉም ይጠጣል፣ መድኃኒቱም ይወሰዳል። ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል።

ግን አንተ ተነሥተህ «አይጹሙ» አትበላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሰው ከልጃቸው አፍ፣ ያውም ከተቀያየማቸው ልጅ፣ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸው ከሰው ተራ እንደ ወጡ ነው። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎች የሚያኮርፉት ስለተራቡ አይደለም፣ ከጾሙ ማኅበር የተባረሩ ስለሚመስላቸው ነው። ሁለት ሰው ይናገራቸው። ሐኪሙ በስንት ሰዓት መብላት እንዳለባቸው፣ ምን ያህል መርፌ እንደሚወስዱ ይንገራቸው። ነፍስ አባታቸው ደግሞ ሐኪሙ ያለውን ሰምተው፣ «በዚህ ሰዓት እንዲበሉ ፈቅጃለሁ» ይበሏቸው። ከቄሱ አፍ ሲወጣ ሸክሙ ከላያቸው ይወርዳል። ሐኪሙ ካልከለከለ ሥጋውና ቅቤው ይቅርባቸው፣ በሰዓታቸው ሽሮአቸውን፣ ምስራቸውን ይብሉ፤ ጾም ውስጥ ናቸው። በረሃብ ሰዓት ፋንታ አንድ ውዳሴ ማርያም ይጨምሩ። የጾመኛነት ክብራቸው እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ ይህም ማክበር ነው። መቊረብ ከፈለጉም ከቅዳሴ በፊት ያለውን የጾም ሰዓት በተመለከተ አስቀድመህ ከሁለቱም ጋር ተመካከር። በድብቅ ተርበው እንዳይመጡ።

ስለ ድስቱ ብዙ አልልም። ወተቱ የሚፈላው ለሕፃን ነው። የታጠበ ድስት ጾም አያስገድፍም። ዕቃህን ዛሬውኑ መልሰህ ከእናትህ ዕቃ ጋር ቀላቅል።

ቂሙ ግን ያስገድፋል። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል፣ አንተ ግራና ቀኝ ለቆመው ለማታውቀው ሰው እጅ ትነሣለህ፤ ቤት ስትገባ ደግሞ አባትህን ከሰላምታ አታሳልፋቸውም። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ብሏል። መባው መሠዊያው ላይ ደርሶ እንኳ ነው ተመለስ ያለው። አንተ ገና ከቤትም አልወጣህም። ስለ ቤት ቦታው ማን እንደተበደለ አላውቅም፤ ምናልባት የተበደልኸው አንተ ትሆናለህ። መታረቅ ማለት መብቴን ትቻለሁ ማለት አይደለም። የቦታው ነገር በሽማግሌ ወይም በሕግ ይታያል፣ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ዕርቁ ግን ከሆሣዕና በፊት ይሁን። በዓርብ ስቅለት፣ ከስግደቱ በኋላ፣ ቄሱ ፊት ቀርበህ በወይራው ቅጠል ጥብጣቤ ስትቀበል ኃጢአቴ ይህ ነው ብለህ የምትናገረው ነገር አባትህን ለሁለት ዓመት ማኩረፍህ እንዳይሆን። በነገራችን ላይ፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለና ወላጁ የሚደበድበው፣ የሚያዋርደው ወይም ወደ ክፉ ሥራ የሚገፋው ከሆነ ምክሬ እንዲህ አይደለም። ሐዋርያው ለወላጆቻችሁ ታዘዙ ያለው «በጌታ» ብሎ ነው። በሩቅ ሆኖ መጸለይና የሚያስፈልገውን መላክም ማክበር ነው፤ ለዚያ ሰው ለብቻው ከነፍስ አባቱ ጋር መነጋገር ይሻለዋል። ያንተ ነገር ከዚያ ወገን አይመስለኝም።

የቀረው ሱባኤው ነው። በመንፈስ መታደስ መፈለግህን አከብራለሁ፤ በአንተ ዕድሜ ይህን የሚሻ ወጣት ሳይ ልቤ ይሞቃል። ሆኖም መታደስ ቦታ በመለወጥ የሚመጣ ይመስልሃል። ዳዊት በመዝሙር 50 «የቀናውንም መንፈስ በውስጤ አድስ» ሲል የለመነው ስለ መንገድ አይደለም። ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ምን እንደሆነ ሲዘረዝር፣ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ የታረዘውን አልብስ ካለ በኋላ መጨረሻ ላይ «ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ» ይላል። ይህን ቃል በየሁዳዴው እናነበዋለን፣ ግን ሰው በጾም ከሥጋ ዘመዱ ሊሸሸግ እንደሚችል አናስብም። ይቻላል። እኔ አድርጌዋለሁ። በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ላይ ሳለሁ እናቴ ታማለች የሚል ወሬ ከገጠር መጣልኝ። ዜማው ይጠፋብኛል፣ ይህን ክፍል ልጨርስ እያልሁ አንድ ወር ቆየሁ። የኔታ በመጨረሻ ሰምተው ጠሩኝና፣ «የምትዘምርለት አምላክ እናትህ ቤት የለም እንዴ?» አሉኝ። ሄድሁ። እናቴ ድናለች፤ ወሩን ሙሉ ውሃ የቀዳችላት፣ አጥሚት ያጠጣቻት ጎረቤት ነበረች። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ስለዚያ ወር አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ያቺ ጎረቤት በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር ዓይኗን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት አትሂድ። ሱባኤህን በቤትህ ያዝ። ከኒቆዲሞስ እስከ ትንሣኤ ያሉትን 14 ቀናት አትተዋቸው፤ ሥርዓቱን ነፍስ አባትህ ያውጡልህ። ሌሊት አባትህ ሲነቁ አንተ ነቅተህ ጠብቅ፣ እሳቸው ሲተኙ ዳዊትህን ድገም፣ ስግደትህን ስገድ። ቤት ውስጥ ያለ ሱባኤ ከገዳሙ ይከብዳል፤ ደወል የለም፣ ጸጥታ የለም፣ ሕፃን ያለቅሳል። ወደ ገዳሙ መሄድህ ደግሞ አይቀርም። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል፤ እስከዚያ የአባትህ ቁስል ደርቆ፣ መድኃኒቱ ተሟልቶ፣ የሚያስታምማቸውም ሰው ከተገኘ ወላጆችህ ራሳቸው መርቀው ይሸኙሃል። ያልተገኘ እንደሆነ አሁንም ጠብቅ።

በዚህ ሁዳዴ መፃጉዕ በሚባለው ሰንበት ያ 38 ዓመት የተኛ በሽተኛ «ሰው የለኝም» ማለቱን ሰምተናል። አባትህ ቤት ውስጥ ያላቸው ሰው እህትህ ብቻ ናት። ሕፃን ታጠባለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ይህን ሁሉ ስትሠራ አንተ ኪዳን ታደርሳለህ። ጾመኛ ተብለህ የምትከበረው ግን አንተ ነህ። ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉ ያሳዘነችኝ እሷ ናት፤ ስሟን እንኳ አላነሣህም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የወይንና የወይራ ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። አንተም ያን ቀን ለመታጠብ ገዳም ልትገኝ አስበህ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ፣ እናትህ ጉልባኑን ሲያወጡ፣ የአባትህን ቁስል የማጠብ ተራ ያንተ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ከእህትህ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና ነርሷ እንዴት እንደሚደረግ በእጇ ታሳይህ፦ እጅህን በሳሙና ታጥበህ፣ በተነገረህ ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ በአዲስ ጎዝ፣ ቅጠልም ሆነ ቅቤ ሳትቀባ። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትንከረው፤ ስኳር ያለበት እግር ሙቀት ላይሰማው ይችላልና ሳያውቁት ይቃጠላሉ። ጣቶቹን በየመሃሉ አድርቅ፤ መቅላት፣ ሽታ ወይም መጥቆር ካየህ በዓሉ እስኪያልፍ አትጠብቅ፣ ያኑ ሌሊት ሐኪም ዘንድ አድርሳቸው።